«ቅቤ ብነካ ጾሜ ይፈርሳል?»

ጥያቄ

«ለእትዬ፤ እንደምን አሉልኝ። ስሜ ይቅርብኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ከባለቤቴ ጋር የቅቤና የቅመም ሱቅ አለን። ሦስት ልጆች ወልደናል። ከቤተ ክርስቲያን አልርቅም። ሁዳዴን ከልጅነቴ ጀምሮ አንድም ቀን አላፈረስኩም። ዘንድሮም 55ቱን ቀን ጾሜ፣ ዓርብ ሰግጄ፣ አክፍዬ ነው ፋሲካን ያየሁት።

የምጽፍልዎት የሆዴን የማወጋው ሰው ስላጣሁ ነው። እኛ ቅቤ እንደባልቃለን። በዓል ሲቃረብ 10 ኪሎ ለጋ ላይ 2 ኪሎ የረጋ ዘይት እናስገባለን፤ ሲብስ 3 ኪሎ። የጀመርነው እኛ አይደለንም። ንጹሑን በመጣበት ዋጋ ላይ ትንሽ ጨምረን ብንሸጥ ኪራዩን አንችለውም። እቁብም አለብን። ባለቤቴን ሳናግረው ‹ሁሉም ይህንኑ ነው የሚያደርገው፤ እኛ ብቻችንን ጻድቅ እንሁን?› ይለኛል።

ዘንድሮ የሕማማት ረቡዕ ማታ ሱቁን ዘግተን ከእህቴ ልጅ ጋር ቅቤ እያሸን ነበር። 17 ዓመቷ ነው። ከገጠር ያመጣኋት እኔ ነኝ። ልታሽ ስትል የሆሳዕናውን የዘንባባ ቀለበት ከጣቷ አወለቀችና ቅባት እንዳይነካው መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ‹አክስቴ፣ ቅቤ ብነካ ጾሜ ይፈርሳል እንዴ?› አለችኝ። ‹መንካት ምንም አይደለም፣ ስንጨርስ ትታጠቢያለሽ› አልኳት። እሺ ብላ ዘይቱን አቀበለችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

አሁን ምን ላድርግ? መቁረቤን ልተው? ቅዳሴ መሄዱንም ልተወው እንዴ እላለሁ አንዳንዴ። ለሰኔ ሚካኤል ዣንጥላ ተስያለሁ። እሱን ባስገባ፣ ምጽዋቴንም ባበዛ ይካካስልኛል? ወይስ ሱቁን እንዝጋው? እርስዎም ነጋዴ ነበሩና ይረዱኛል ብዬ ነው።

ቅቤ ሻጯ፣ ከአዲስ አበባ»

መልስ

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ካነበብኩ ጀምሮ ያቺ የዘንባባ ቀለበት ከዓይኔ አልጠፋ አለች።

የእህትሽ ልጅ የጠየቀችሽ ጥሩ ጥያቄ ነው። አንቺም የዋሸሻት ነገር የለም። ቅቤ መንካት ጾም አያፈርስም። ግን አስቢው። ይቺ ልጅ ለጾሟ የምትሳሳ ልጅ ናት። ቀለበቷ ላይ እንኳ ቅባት እንዳያርፍ ተጠንቅቃለች። ወዲያው ደግሞ ዘይቱን አንስታ አቀበለችሽ። ‹ዘይት ባቀብልስ ጾሜ ይፈርሳል?› ብላ አልጠየቀችሽም። የሚጠየቅ ነገር መሆኑን ማን ነግሯት? ከእናንተ ቤት የተማረችው ቅቤን አለመቅመስ ጾም፣ ቅቤን መደባለቅ ደግሞ ሥራ መሆኑን ነው።

ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። እኔም እዚያው ቆሜ አውቃለሁ።

22 ዓመት በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀሁ ሸጫለሁ። ባለቤቴ ከሞተ በኋላ አራት ልጆች ያሳደግሁት በዚያ ነው። የበርበሬን ሥራ ታውቂዋለሽ። ዛላው ይቀነጠሳል። ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ይደለዛል። ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከዚያ ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ በሶብላው ገብቶበት ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ጨውም ይገባል። ጨው ርካሽ ነው። ሚዛን ላይ ደግሞ ይከብዳል። አንድ ዓመት ዛላ ከአቅሜ በላይ ተወደደና ጨውን ጨመር አደረግሁ። ትንሽ ነበረች። በሚቀጥለው ወር ሌላ ትንሽ። ሸክላ አልፈጨሁ፣ ባዕድ ነገር አላስገባሁ፣ ጨው እኮ የበርበሬው የራሱ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። በዚያው ሰሞን ረቡዕና ዓርብን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾም ነበር።

አንዲት እናት 5 ኪሎ ገዛችኝ። ኩዌት ሰው ቤት ለምትሠራ ልጇ ነው። መንገደኛ ፈልጋ፣ ሻንጣ ውስጥ ቦታ ለምና ላከችላት። ከሁለት ወር በኋላ ተመልሳ መጣች። ልትጣላኝ አይደለም። ከዚያው በርበሬ ለራሷ ያስቀረቻትን በላስቲክ ቋጥራ ይዛ ነበር። ቋጠሮውን ፈትታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና «እስቲ ቅመሺልኝ» አለችኝ። ጣቴን አስነክቼ ቀመስኩ።

«ልጄ ደውላ ነበር» አለች። «‹እማዬ፣ ወጡ ጨው ጨው አለኝ። እዚህ አገር ስቆይ እጄ ጠፋ መሰለኝ› አለችኝ።»

እጇ የጠፋ መስሏት! አስቢው ልጄ። ያቺ ልጅ ዓመት ሙሉ የሰው ምግብ ስትሠራ ከርማ፣ በእረፍቷ ቀን የአገሯን ወጥ ልትሠራ ድስት ጣደች። ወጡ ሲበላሽባት ጥፋቱን የፈለገችው ራሷ ላይ ነው። ጥፋቱ የእኔ እጅ ላይ ነበር። እናትየው በእኔ ላይ ክፉ አልጠረጠረችም። ወፍጮው ቤት ተሳስተው እንደሆነ ልትጠይቀኝ ነበር የመጣችው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ነፍስ አባቴ ሄድኩ። «በንግዴ እበድላለሁ አባቴ» ብዬ ልሸፋፍነው ሞከርኩ። ዝም ብለው አዩኝና «ምን ላይ ነው የምትበድዪው? ስንት ታደርጊበታለሽ?» አሉኝ። በኪሎ ስንት እንደማስገባ ተናገርኩ። ቁጥሩ ከአፌ ሲወጣ ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም። የሰጡኝ ቀኖና የእኔና የእሳቸው ነው። አንዱን ግን ልንገርሽ። «ከስግደቱ በፊት 5 ኪሎ ንጹሕ በርበሬ አዘጋጅተሽ ለእናትየዋ ስጪ። ምን አድርገሽ እንደነበርም ንገሪያት» አሉኝ።

ነገርኳት። በርበሬውን ተቀበለችኝና ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረችም። ከዚያ «ለልጄ እደውልላታለሁ፤ እጇ እንዳልጠፋ ትወቅ» ብላ ሄደች።

ስለዚህ ስለ ዣንጥላው ስትጠይቂኝ መልሴ ከዚያ ቀን የሚጀምር ነው። ዘኬዎስን ታስታውሺዋለሽ። ጌታ ቤቱ ሲገባ ያለውን ልብ ብለሽ አንብቢው፤ ሉቃስ 19 ላይ ነው። ከሀብቴ እኩሌታውን ለድኆች እሰጣለሁ አለ። እዚያ ላይ አላቆመም። የቀማሁት ሰው ካለ ደግሞ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ሁለት ሒሳብ ነው። ምጽዋቱ ለብቻ፣ ዕዳው ለብቻ። አንዱን ከፍሎ ሌላው ተካካሰ አላለም። እኛ ግን ከገዢው የወሰድነውን ለነዳይ ሰጥተን ሒሳቡ የተዘጋ ይመስለናል። ያ የወለደች ልጇን ገንፎ በቅቤ ልታበላ ከእናንተ ሱቅ የገዛች እናት ገንዘብ ነው። ለፋሲካ ዶሮ ግማሽ ኪሎ ለመግዛት የቀን ሥራ የለፋ ሰው ገንዘብ ነው። በዣንጥላ አይመለስለትም።

ቁጥሩንም አብረን እንየው። 10 ኪሎ ላይ 2 ኪሎ ስትጨምሪ 12 ይሆናል። ስድስት ሴቶች ሁለት ሁለት ኪሎ ቢገዙ፣ አንዷ በቅቤ ዋጋ ሙሉ በሙሉ ዘይት ተሸክማ ወደ ቤቷ ሄደች ማለት ነው። ስድስቱ ላይ ስለተከፋፈለ ነው ያልታየሽ።

ስለትሽን አፍርሺ አላልኩም። ቅደም ተከተሉን ነው የምልሽ። ጌታ ራሱ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ብሏል። ዣንጥላው ሰኔ 12 ባይደርስ ለነፍስ አባትሽ ንገሪያቸውና በሚቀጥለው ዓመት ከንጹሕ ገንዘብ ግዢው።

ስለ ቁርባን የጠየቅሽኝን እኔ ልመልስልሽ አልችልም። ሥልጣኑ የእኔ አይደለም። የነፍስ አባትሽ ጋ ሂጂ። ስትሄጂ ግን እንደ እኔ አትሸፋፍኚ። ‹ቅቤ ላይ ዘይት እቀላቅላለሁ፤ በ10 ኪሎ ይህን ያህል፤ ከዚህ ዓመት ጀምሮ› ብለሽ ተናገሪ። ቅዳሴ መሄዱን ልተው ማለትሽ ግን አስደንግጦኛል። ሰው ልቡ ሲከሰው ከሁለት አንዱን ለመተው ይነሣል፤ የሚተወውም የሚቀለውን ነው። ቤተ ክርስቲያን ብትቀሪ የሚቀርብሽ ኪራይ የለም፣ እቁብ የለም። ስለዚህ ለመተው ይቀላል። መተው ያለበት ሌላኛው ነው።

ሱቁንም አትዝጉ። ቀራጮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው ምን እናድርግ ሲሉት ሥራችሁን ልቀቁ አላላቸውም። ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ ነው ያላቸው። ሰው ቅቤ ይገዛል። ከእናንተ ባይገዛ ከሌላ ይገዛል። ንጹሕ የሚያገኝበት አንድ ሱቅ መኖሩ ለሰፈሩ ትልቅ ነገር ነው።

ባለቤትሽ ‹ሁሉም› ያለው ነገር ከባዱ ነው። በስብከት አታሸንፊውም። ባልሽን ኃጢአተኛ ነህ ብለሽም አትጀምሪ፤ አብራችሁ ነው ያሻችሁት። ይልቅ አንድ ደብተር ግዢ። ለሁለት ሳምንት ዘይቱ ብቻ ያመጣውን ትርፍ ጻፊ። እኔ በመጨረሻ ቁጭ ብዬ ስጽፈው፣ ጨው በወር ያተረፈልኝ የልጆቼን የትምህርት ቤት ሰርቪስ ክፍያ ያህል ነበር። ለዚያች ነው ኩዌት ያለችውን ልጅ እጄ ጠፋ ያሰኘኋት። የእናንተ ቁጥር ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ቢሆንም ጽፋችሁ ስታዩት ‹ያለዚህ አንኖርም› የምትሉት ነገር ስሙና መጠኑ ይታወቃል። ስሙ ከታወቀ ከሌላ ቦታ ሊቀነስ ይችላል። እቁቡን ወደ ግማሽ ዕጣ ማውረድ ይቻላል። ቅቤና ቅመሙን አብራችሁ ስለምትሸጡ፣ የነጠረ ቅቤ በኮሰረትና በኮረሪማ አዘጋጅታችሁ ብትሸጡ የድካማችሁን ዋጋ በሐቅ ትጠይቃላችሁ። የረጋ ዘይት የሚፈልግ ሰው ካለም በስሙና በዋጋው ለብቻው ይሸጥለት።

አንድ ነገር ግን ቃል አልገባልሽም። ንጹሕ ብትሸጪ ደንበኛ ይጎርፍልሻል፣ እግዚአብሔር እጥፍ አድርጎ ይከፍልሻል የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ እንዲያ አልሆነልኝም። ዋጋ ስጨምር ደንበኞቼ ቀነሱ። ከሄዱት አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ አልተመለሱም። ሦስተኛዋን ልጄን ከግል ትምህርት ቤት አውጥቼ መንግሥት ትምህርት ቤት አስገባኋት። አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ኪሳራ ነበረው። ኪሳራ እንዳለው ሳታውቂ ገብተሽበት፣ በሁለተኛው ወር ተስፋ እንዳትቆርጪ ነው የምነግርሽ።

የወሰዳችሁትን ስለመመለስ። ዘኍልቍ 5 የበደለ ሰው ይናዘዝ፣ የወሰደውን ይመልስ፣ አምስተኛውንም እጅ ጨምሮ ይስጥ ይላል። የምታውቂያቸው ቋሚ ደንበኞች አሉሽ። እነሱ ሲመጡ ከሚገዙት ላይ ጨምሪላቸው። ለምን እንደጨመርሽም ንገሪያቸው። ‹ባለፈው የሰጠኋችሁ ንጹሕ አልነበረም› ማለት ምን ያህል እንደሚያንቅ አውቃለሁ። አንዳንዷ ትጮህብሻለች፤ መብቷ ነው። ሥራው በሕግም የሚያስጠይቅ መሆኑን አትርሺ። ስለዚህ ከባለቤትሽና ከነፍስ አባትሽ ጋር ተመካክራችሁ፣ ምን እንደምትሉ ወስናችሁ ጀምሩ። የማታውቂያቸውን በተመለከተ እኔ ያደረግሁት ይህ ነው። ዓመት ሙሉ በየወሩ በ21 ለሰንበቴው የነዳያን ወጥ የሚሆን በርበሬ አስገባ ነበር። የምሰጠው ምጽዋት እንዳይመስለኝ ደብተሬ ላይ ‹ዕዳ› እያልኩ ነበር የምጽፈው።

መቼ ልጀምር ካልሽ፣ አሁን። ያለንበት ጊዜ ሃምሳው ቀን ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ጾም የለም፣ ስግደትም የለም። ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይበላል። ለእንዳንቺ ዓይነቷ ጾመኛ ይህ ወቅት ጥሩ መፈተኛ ይመስለኛል። በጾሙ ወራት ልባችን ሲከሰን የምንሸሸግበት አለን። ትንሽ እንሰግዳለን፣ ውኃ ሳንቀምስ እንውላለን፣ ይቀለናል። በሃምሳው ግን ያ መሸሸጊያ የለም። የቀረሽ ሱቁ ነው፤ ሚዛኑና ቅቤው። ነቢዩ አሞጽ ምዕራፍ 8 ላይ የሚወቅሳቸውን ነጋዴዎች አንብቢ። ሰንበትን የሻሩ ሰዎች አይደሉም። ሰንበትን አክብረው ሱቃቸውን ዘግተው ተቀምጠዋል። ተቀምጠው ግን ሰንበቱ መቼ ባለፈ፣ መስፈሪያውን አሳንሰን፣ ሚዛኑን አጣመን፣ የስንዴውን ግርድ ሳይቀር በሸጥን እያሉ ይመኛሉ። እኔ ይህን ምዕራፍ ባነበብኩ ቁጥር ዘጠኝ ሰዓትን እየጠበቅሁ ጨው የምመዝንበት ወንበር ትዝ ይለኛል።

ባለቤትሽ እምቢ ቢልስ? ትዳርሽን አታፍርሺ፣ ጠብም አታንሺ። ግን እጅሽን ማውጣት ትችያለሽ። ‹ንጹሑን አሻለሁ፤ ዘይት ያለበትን አላሽም፣ አልመዝንም› በይው፤ ረጋ ብለሽ፣ ልጆቹ በሌሉበት። አንድ ሰው እጁን ካወጣ ሥራው እንደ ቀድሞው አይቀልም። ምናልባት ጊዜ ይፈጅ ይሆናል። ወደ ነፍስ አባታችሁ አብራችሁ ብትሄዱ ደግሞ የተሻለ ነው።

የልጅቷ እጅ ግን ዛሬውኑ ይውጣ። በዚህ ባልሽን እስክታሳምኚ አትጠብቂ። አንቺና ባልሽ ትልልቅ ሰዎች ናችሁ፣ የምታደርጉትን ታውቃላችሁ። እሷ አደራ ናት። እናቷ ስትሰጥሽ ሥራ ትልመድ፣ ትማር ብላ ነው። ከእንግዲህ ዘይት እንዳታቀብል።

ከዚያ አንድ ማታ ሱቁን ስትዘጉ አስቀምጫት። ቀለበቷን እዚያው መደርደሪያ ላይ ረስታው ከሆነ እስካሁን ደርቋል፤ ፈልገሽ ስጫት። ‹ያን ዕለት ጥሩ ጥያቄ ጠይቀሽኝ ግማሹን ብቻ ነው የመለስኩልሽ› በያት። የቀረውን ግማሽ በራስሽ አፍ ንገሪያት፤ አንቺም በድለሽ እንደነበር፣ እሷንም እንዳስተባበርሽ አትደብቂያት። ብታለቅስ ወይም ዝም ብትል አትቸኩዪባት።

ሲሆንላችሁ እጃችሁን ታጠቡና በማግሥቱ የሚሸጠውን ቅቤ አብራችሁ እሹት። ቅቤውን ብቻ።